የአእምሮ ተመራማሪዎችን ማን ያሠልጥን? የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፈተና

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እአአ በሜይ 2025 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለውጭ አገር ተቋማት የሚተላለፉ አዳዲስ ድጎማዎችን፣ ሌላ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ እንደማይሰጡ አስታወቁ። ውሳኔው የሒሳብ ቁጥጥር ጉዳይ ቢመስልም፣ በሥነ ልቦናና በአእምሮ ሳይንስ ተመራማሪ ለመሆን ለሚሠለጥኑ የቀጣናው ወጣቶች ግን ከዚያ የላቀ ትርጉም አለው። የዶክትሬት ተማሪ የመስክ ሥራ ወጪና አበል ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው ከእንዲህ ያለው ፕሮጀክት ነውና።

ሥልጠናው በአገር ቤት ሲሰጥ የሚያስገኘውን ውጤት ኢትዮጵያ አሳይታለች። እአአ በ2003 በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የስፔሻሊቲ ትምህርት ጀመረ። ተማሪዎቹ ወደ ካናዳ ከመሄድ ይልቅ መምህራኑ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሱ ነበር። በኋላም ዩኒቨርሲቲው በአእምሮ ጤና የዶክትሬት መርሐ ግብር ከፈተ። በቡታጅራና አካባቢዋ ለዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ ለወጣት ተመራማሪዎች የመስክ ትምህርት ቤት ሆነዋል።

ጉዳዩ የባለሙያ ቁጥር ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄፍሪ አርኔት እአአ በ2008 ባወጣው ጽሑፍ፣ በስድስት ታላላቅ የአሜሪካ መጽሔቶች ለታተሙ ጥናቶች መረጃ ከሰጡ ሰዎች 96 በመቶው ከምዕራባውያን በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገራት መሆናቸውን አሳይቷል። «ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ» የሚል ታካሚ ድባቴ ይኑርበት፣ ጭንቀት ወይስ ሐዘን፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ ብቻውን አይለይም። መጠይቁን በቋንቋው የሚፈትሽ፣ ሲያስፈልግም እንደገና የሚያዘጋጅ ተመራማሪ ያሻል።

አዲሱ የአሜሪካ አሠራር ገንዘቡን በቀጥታ ለውጭ ተቋማት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተሻለ ሥልጣን ሊያስገኝ ይችላል። ነገር ግን ጠንካራ የሒሳብና የድጎማ አስተዳደር የሌላቸውን ከውድድሩ ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

የአፍሪካ ኅብረት አባል አገራት ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ቃል ቢገቡም፣ አብዛኞቹ እዚያ አልደረሱም። ቃሉ እስካልተፈጸመ ድረስ፣ በቀጣናው ስለ አእምሮ የትኛው ጥያቄ እንደሚጠና የሚወስነው ከፋዩ ነው።