በሽታ ካልሆነ ማን ይክፈል?

መጋቢት 24 ቀን ሰማያዊ ቲሸርት ለብሰው አደባባይ ከወጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ቲሸርቱ ላይ በትልቁ «ኦቲዝም በሽታ አይደለም!» ተብሎ ተጽፏል። ልኩ ስለጠበበኝ «አይደለም» የምትለዋ ቃል ቦርጬ ላይ ተለጥጣ ከሌሎቹ ሁለት ቃላት ገዝፋ ነበር። ግድ የለም፤ ለቁም ነገር ነው ብዬ ከሰዉ ጋር ስጮህ ዋልኩ።

አስር ቀን ሳይሞላ ያው መፈክር ከአንድ የወረዳ ቢሮ መስኮት ተመልሶ በጥፊ አጮለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ባሏ የሰው መኪና ይነዳል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ መካከለኛው ስድስት ዓመቱ ነው። አይናገርም። ውሃ ሲጠማው እጃችሁን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትታችኋል። የጎረቤት ፕሬሸር ድስት ሲያፏጭ ጆሮውን ጥርቅም አድርጎ ይዞ አልጋ ስር ይገባል። «ልክፍት ነው» ያሉ ነበሩ፤ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፣ ተይው» ያሉም ነበሩ። ጸበልም ተሄደ፣ ጤና ጣቢያም ተሄደ፣ ከጤና ጣቢያ ሆስፒታል ሪፈር ተባለ፣ ቀጠሮ ተጠበቀ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ልጁን ረጋ ብላ አይታ ስሙን ነገረቻቸው፤ ኦቲዝም። «ይሄን ነገር የሚያድን መድኃኒት የለም። ቴራፒ ነው የሚያስፈልገው። የንግግርም፣ የባህርይም። ሳይውል ሳያድር ቢጀምር ይሻላል» ብላ ጻፈችላቸው። ቴራፒው ግን እዚያ ሆስፒታል የለም። ያለው አንድ የግል ማዕከል ነው፤ የአንድ ሰዓቱ ክፍያ ከእህቴ የሦስት ቀን የእንጀራ ትርፍ ይበልጣል።

እህቴ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። መዋጮዋን በየዓመቱ ሳታዛንፍ ትከፍላለች፤ እንዲያውም እድሳቱ ሲደርስ የቀበሌው ሰዎች በሯን ከማንኳኳታቸው በፊት እሷ ነች የምትቀድማቸው። ስለዚህ መታወቂያውንና የሐኪሟን ወረቀት ይዘን ሄድን። እኔ «መናገር የሚችል ሰው» ተብዬ ተከተልኩ።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እናቴ፣ ይሄ ቴራፒ የሚሰጠው የት ነው?»

«የግል ማዕከል ነው የኔ ልጅ። ሆስፒታሉ የለውም።»

«የግል ከሆነማ አንሸፍንም። ውል ያለን ከመንግስት ተቋማት ጋር ነው።»

«የመንግስቱ ከሌለውስ?» አልኩ እኔ፤ መናገር የምችለው።

ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ ሊያጽናናን የሚችል ነገር ስትፈልግ ቆይታ ያገኘች መሰላት መሰለኝ፣ ፊቷ ፈካ አለና፣ «ደግሞ እኮ ጋሼ፣ ኦቲዝም በሽታ አይደለም። በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ምን ልበላት? «እኔም እኮ ከተናገሩት አንዱ ነኝ» ልበላት?

ልጅቷን አልወቅስም። የተሰጣትን መመሪያ ነው የምታስፈጽመው፤ ንግግሯም ለዛ ነበረው። ክርክሬ ከእሷ ኋላ ካለው አስተሳሰብ ጋር ነው። ይሄ አስተሳሰብ «በሽታ አይደለም» ስንለው «እንግዲያው አያገባኝም» ብሎ የሚሰማ ጆሮ ነው ያለው።

ያንን መፈክር ማን እንዳመጣብን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዛሬ በሕይወት የሌለችው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ጓዳ የሚታሰሩበት፣ እናት «ምን በድለሽ ነው?» እየተባለች የምትሸማቀቅበት ጊዜ ነበር። «በሽታ አይደለም» ማለት «አይተላለፍም፣ እርግማን አይደለም፣ ልጄን አትሽሹት» ማለት ነበር። ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ቲሸርቱን አላወልቅም (ቢጠበኝም)። «እርዳታ አያስፈልገውም» ብሎ የተረጎመው ማን ነው? እሱን ነው የምጠይቀው።

ደግሞስ «በሽታ ካልሆነ አይሸፈንም» የሚለው ሕግ ከየት መጣ? እርግዝና በሽታ ነው እንዴ? አይደለም። ግን መንግስት በጤና ጣቢያው በነጻ ያዋልዳል፤ ደግ ያደርጋል። ክትባት የሚሰጠው ሕጻን ታሟል? አልታመመም። ጤና ማለት በሽታ ማባረር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጤና ጣቢያ በተዘጋ ነበር። የሚያስቀው (ማለቴ የሚያስለቅሰው) ደግሞ ይሄ ነው፤ ልጁ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ጀምሮ ሐኪም የሚያረጋጋ መድኃኒት ቢያዝለት፣ መድኃኒቱም ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ቢገኝ፣ በመታወቂያው ያገኛል። ክኒን ለመዋጥ በሽተኛ ነው ማለት ነው፤ «ውሃ» ብሎ ለመጠየቅ እንዲማር ሲባል ግን ጤነኛ ነው!

የመድኑ አሠራር ራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 13 ወረዳዎች ሲሞከር የተነሳበት ሐሳብ ግሩም ነበር፤ ጤነኛው ለታመመው፣ ያለው ለሌለው ይክፈል። ዕድርን ለሚያውቅ ሕዝብ ማስረዳት እንኳ አያስፈልገውም። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ መታወቂያ ይገባል፤ መክፈል ለማይችለው ደሃ መንግስት ይከፍልለታል። እህቴ በዚሁ መታወቂያ የታላቅየዋን ልጅ የሳንባ ምች አሳክማለች፤ አትክድም፤ እኔም አልክድም። (እኔ ደሞዝተኛው ግን ይሄ መድን አይመለከተኝም። ለእኔ ቢጤው በ2002 ዓ.ም. የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ተግባራዊነቱ ከአስር ዓመት በላይ ሲንከባለል የኖረበትን ታሪክ ለሌላ ቀን ላቆየው።)

ችግሩ ያለው ቋጠሮው ላይ ነው። መድኑ የሚከፍለው የመንግስት ተቋም ለሰጠው አገልግሎት ነው። የመንግስት ተቋሙ ቴራፒ የለውም። ለምን የለውም ብላችሁ ብትጠይቁ ባለሙያ አልቀጠረም። ለምን አልቀጠረም? በጀት የለም፤ የሚከፍልለትም የለም። የሚከፍለው ማን ነበር? መድኑ። መድኑስ? አገልግሎቱ ሲኖር ነው የምከፍለው ይላል። ሁለቱም ደንብ አክብረው፣ ሁለቱም ትክክል ሆነው፣ እህቴ መሐል ላይ ቆማለች። እንዲህ ዓይነቱን ክበብ ማንም ሰው በክፋት አልሠራውም፤ ግን የሚሰብረው ሰው ካልመጣ ልጁ ይጎረምሳል።

«የሰለጠነ ሰው የለም» የሚለውንም እንደ ድሮው አልቀበለውም። የንግግር ቴራፒ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቷል። የተማሩት ጥቂት ናቸው፤ አዎ። ጥቂት ሆነውም የመንግስት መዋቅር ወንበር ካልሰጣቸው ወይ የግል ማዕከል ይገባሉ ወይ አውሮፕላን ይሳፈራሉ።

አውሮፕላን ካልኩ አይቀር፣ ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። የሷም ልጅ ኦቲዝም አለበት። ገቢዋ ዝቅተኛ ስለሆነ ልጁ ሜዲኬድ የሚባለው የመንግስት ጤና መድን ውስጥ ነው። ቴራፒስት ቤቷ ድረስ ይመጣል፤ እሷ ሳንቲም አትከፍልም። ይሄን ለእህቴ በስልክ ስትነግራት እህቴ ዝም አለች፤ ምቀኛ አይደለችም፤ ግን ዝም አለች።

ታዲያ አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እዚያም መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው «አይሸፈንም» ይል ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች ላለ የሜዲኬድ ልጅ በሕክምና አስፈላጊ የሆነው ሁሉ ይሰጠው ይላል፤ ክፍለ ግዛቶቹ ግን ለኦቲዝም ሲሆን ሰበብ አያጡም ነበር። ፍሎሪዳ «ይሄ የባህርይ ቴራፒ ገና የሙከራ ነው» አለች። ወላጆች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የፌዴራል ፍርድ ቤት ክፈሉ ብሎ ፈረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2014 ሜዲኬድን የሚመራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኦቲዝም ያለበት ልጅ አስፈላጊው አገልግሎት እንዲሰጠው ግዴታቸውን ለክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ጽፎ አስታወሰ። የኛ ሰው «በሽታ አይደለም» ይላል፣ የነሱ ሰው «የሙከራ ነው» ይል ነበር፤ ሰበቡ ተለያየ እንጂ መስኮቱ አንድ ነው።

እዚያም ሁሉ ነገር አማን አይደለም። ወረፋ አለ። ይሄን የባህርይ ቴራፒ ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች «እኛን ሌላ ሰው ለማድረግ ነው የደከማችሁት» ብለው አጥብቀው የሚነቅፉት አሉ፤ ሊደመጡ ይገባል። ሌብነትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የፌዴራል ኦዲተሮች ኢንዲያና በ2019 እና በ2020 ለዚህ ቴራፒ ቢያንስ 56 ሚሊዮን ዶላር ያላግባብ መክፈሏን ጽፈዋል። «አየህ! እኛም ጋ ብንከፍተው ይዘረፋል» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ወንድሜ፣ በሐሰተኛ ሰነድ መድኃኒት ይወጣል ተብሎ ፋርማሲ ተዘግቶ ያውቃል? ሌባ ይያዛል፤ ቤት አይፈርስም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ «ድሃ ነን» የሚለው ነው። እሱን በቀልድ አላልፈውም። እናቶች በምጥ መንገድ ላይ በሚቀሩበት አገር፣ ለአንድ ልጅ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ቴራፒ ይከፈል ማለት ቀላል አይደለም። እኔም የቨርጂኒያውን አምጡልኝ አላልኩም። ግን ድሃ አገር የሚችለው ነገር ተፈትሾ እጃችን ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው፤ ልዩ ሐኪም አይጠይቅም፤ የሚያስተምረው በቤት ውስጥ፣ በምግብ ሰዓት፣ በጨዋታ ልጁን እንዴት ማነጋገር እንደሚቻል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የልጆችን የእድገት ችግር እንዲለዩ ማሰልጠኛ ተዘጋጅቷል። ሙከራ፣ ሙከራ፣ ሙከራ! ጎበዝ፣ መቼ ነው ከሙከራ የምንወጣው? ይሄ ሥልጠና በጤና ጣቢያው መደበኛ ሥራ ተብሎ ቢመዘገብ፣ በመድኑ ዝርዝር ላይ በስሙ ቢጻፍ፣ በየትልልቁ ሆስፒታል ደግሞ አንድ የንግግር ቴራፒስት ቢቀመጥ፣ የተባለው ቋጠሮ በአንድ በኩል ይፈታል። የመንግስቱ እስኪደራጅ ሐኪም የጻፈለት ልጅ ወደ ግል ማዕከል ሲሄድ መድኑ የተወሰነ ሰዓት ቢሸፍን ደግሞ እሰየው። ይሄን ለማድረግ ሀብታም መሆን አይጠይቅም፤ ፊርማ ነው የሚጠይቀው።

ፊርማው እንኳ ግማሹ አለ። የደሞዝተኛው ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በወጣበት በ2002 ዓ.ም.፣ ያው ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 676 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቆ ነበር። የስምምነቱን አንቀጽ 25 አውጥታችሁ አንብቡት። አካል ጉዳትን በጊዜ መለየትና ሳይዘገዩ መርዳት ግዴታ ነው ይላል። በጤና መድን አሰጣጥ ረገድ በአካል ጉዳተኞች ላይ አድልዎ ክልክል ነው ይላል። ጤና መድን የሚለው ቃል እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ፤ እኔ አልጨመርኩትም። አንድ ምክር ቤት፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት አዋጅ። እስከዚያች መስኮት ድረስ ግን አልወረዱም።

እህቴ ባለፈው ሰሞን መታወቂያዋን አሳደሰች። «የማይጠቅምሽን ለምን ትከፍያለሽ?» አልኳት፤ ተናድጄ ነው። «ለሁለቱ ይሆናል» አለችኝ። ፎቶ ስለሚያስፈልግ ልጆቹን ሰብስባ ፎቶ ቤት ሄደች። መካከለኛው ፍላሹ አስፈርቶት ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሮጠ። በአራተኛው ተገኘ፤ መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ወደ ጎን፣ ወደ መስኮቱ እያየ ነው።