አንጎል የሚቆጥረው ሰዓት

የጅጋ አርሶ አደር ቀኑን መቁጠር የሚጀምረው ከፀሐይ መውጣት ነው። ይህን አቆጣጠር ኋላ ቀር አድርገው የሚመለከቱ ወጣቶች አልታጡም። ጅጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ ጥቂት ፈቀቅ ብላ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በስቶክሆልም ግን ልዩነቱ ከ12 ሰዓት ስለሚልቅ፣ ከፀሐይ መውጣት ተነሥቶ መቁጠር እዚያ ባልተቻለም ነበር።

የፊዚክስ ሰዎች ሆነን ወደ ሥነ ሕይወት መሻገራችን አለምክንያት አይደለም፤ አንጎላችንም የሚቆጥረው ከብርሃን ተነሥቶ ነው። በሃይፖታላመስ ውስጥ የሚገኙ 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት የብርሃንን መልእክት ከዓይን ተቀብለው የሰውነትን ሰዓት ያቃናሉ። የዚህን ሰዓት ዘረመላዊ አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የገለጡት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲሶልም ይህንኑ ሰዓት ተከትሎ ንጋት ላይ ከፍ፣ ሲመሽ ዝቅ ይላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን በጭንቀት ሆርሞንነቱ ብቻ ነው። የአንጎል ዘበኞች የሆኑት የማይክሮግሊያ ሕዋሳት የራሳቸው ሰዓት ከመያዛቸውም በላይ ኮርቲሶልን ያዳምጣሉ። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ የባክቴሪያ ንጥር የገጠማቸው ማይክሮግሊያዎች በዕረፍት ጊዜ የሚያሳዩት ብግነት ከንቃት ጊዜው በርትቶ ተገኝቷል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላ ነው፤ የጭንቀት ሆርሞኑ ከንጥሩ በኋላ ሲሰጥ ብግነቱን ያበርዳል፤ ቀደም ብሎ ሲሰጥ ግን ዘበኞቹን አስቆጥቶ ያቆያቸዋል። አንዱ ሆርሞን እንደ ሰዓቱ መድኃኒትም ነገረ ሠሪም ይሆናል ማለት ነው። (አይጥ ሌሊት የሚነቃ እንስሳ ነውና፣ ውጤቱን እንዳለ ገልብጦ ለሰው መስጠት አይገባም።)

እንግዲህ «እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያነበበ ጎበዝ» እያልን ተማሪን የምናሞግስ መምህራን፣ በፈተና ጭንቀት ላይ የእንቅልፍ እጦት ስንጨምር ምን እያደረግን እንደ ሆነ ልናጤን ይገባናል። ጥፋቱን በተማሪው ላይ መጫንም አንሻም። ከገጠር መጥቶ በጅጋ ወይም በፍኖተ ሰላም ቤት የተከራየ ልጅ ውኃ ቀድቶ፣ ምግቡን አብስሎ ደብተሩን የሚገልጠው ሲመሽ ነው፤ መብራትም እንዳሻው ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ የምንጠይቀው ትምህርት ቤቶችን ነው፦ ቤተ መጻሕፍታችሁን ቅዳሜና እሑድ በቀን ብርሃን ክፈቱ።