ስለ ኳስ ተመልካች ፍርድ

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ መነጋገር ልማዳችን ነው። ዛሬ ደግሞ የእግር ኳስን ነገር እናነሣለን። ይህስ የቤተ ሰብ ገጽ ጉዳይ ነውን? የሚለን አይጠፋም። ነገር ግን ኳስ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ቤታችን ከገባ ቆይቷል፤ ከማዕድ ጋር ይቀርባል፤ አባትና ልጅን ያስማማል፤ ያጣላልም። ስለዚህ የተመልካች ፍርድ እንደምን ያለ መሆን እንደሚገባው መመርመር የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በታች ከምንተርከው ነገር መረዳት ይቻላል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በደቡብ ኦሞ በጂንካ ከተማ ሰንብተን ነበር። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፤ በቅዳሜ ገበያዋ አሪው፤ በናው፤ ሙርሲውና ሌላውም ሕዝብ የሚገናኝባት ከተማ ናት። አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው በከተማይቱ መካከል ባለው ሣር በለበሰ ሜዳ ላይ ስለ ነበረ፤ ሰማዩ ጸጥ ባለ ጊዜ ከብቱ ይግጥበት፤ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበት ነበር። ስለዚህ የኳስ ፍቅር ለጂንካ እንግዳ አይደለም።

በዚያ ሳለን በእንግድነት የተቀበለን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በሥራው የተመሰገነ፤ በጠባዩም ጨዋ ሰው ነው። ዳሩ ግን ኳስ ሲነሣ ሌላ ሰው ይሆናል። ዐሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጁ በሠፈሮች ውድድር ላይ ፍጹም ቅጣት ምት እንዲመታ ተመርጦ ኳሱን ወደ ውጭ ሰደደው። አባቱም ከሜዳው ዳር ቆሞ በሕዝብ ፊት «ድሮም አንተ የማትረባ! ሁለተኛ ኳስ እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁም ትእዛዙን ፈጸመ። እኛ በደረስን ጊዜ ወደ ሜዳ ሳይሄድ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር፤ ከአባቱም ጋር ከሰላምታ በቀር ሌላ ቃል አይለዋወጥም። እናቱ በዚህ ነገር እጅግ ታዝናለች።

በአንድ ምሽት ከራት በኋላ አባት እንደ ልማዱ ብሔራዊ ቡድኑን ይወቅስ ጀመር። አሠልጣኙ ይባረር፤ ተጫዋቾቹ ይለወጡ፤ ድሮም ኳስ ለእኛ አልተፈጠረም አለ። በጥግ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩት ሽማግሌ አባቱ ግን እንዲህ ሲሉ መለሱለት፤ «ልጄ፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከእኔ ጋር ስታዲየም ብትኖር ኖሮ በ80ኛው ደቂቃ ተነሥተህ ወደ ቤትህ ትሄድ ነበር»።

ሽማግሌው በዚያ ቀን የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሆነው፤ በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረው በአዲስ አበባ ስታዲየም ከተመልካቾች መካከል ነበሩ። የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻው ጨዋታ ከግብፅ ቡድን ጋር ነበረ። በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ የተባለው ግብፃዊ አስቀድሞ አገባ። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግ፤ ገና ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባደዊ ሁለተኛውን አገባ። እነሆ በ80ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ 2 ለ 1 እየተመራች ነበር። በዚያች ሰዓት የፈረደ ሰው ቡድኑን በደካማነት፤ አሠልጣኙንም ባለማወቅ ይኰንን ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ግን የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። በተጨመረውም ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ፤ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውንም ሉቺያኖ ከግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ከእነዚህ ተጫዋቾች መካከል ማን ይበልጣል? የሚለው ክርክር ከዚያ ዘመን ጀምሮ አላቋረጠም። የሚበዛው ሰው መንግሥቱ ወርቁን ያስቀድማል፤ እርሱም በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች 10 ግቦች ያገባ፤ ኋላም አሠልጣኝ ሆኖ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ለዚሁ ዋንጫ ያደረሰ ስለሆነ ምርጫው በቂ ምክንያት አለው። ከእርሱም በኋላ ቡድናችን ወደዚያ ውድድር ሳይመለስ 31 ዓመት ማለፉን ስናስብ ክብሩ ይጨምራል። እኛ ግን ስለዚያ አንድ ቀን ብንጠየቅ የሉቺያኖን ግብ እናስቀድማለን። የመንግሥቱ ግብ ድሉን አጸናች፤ የሉቺያኖ ግብ ግን ተስፋ ሊቈረጥ ሲል የተገኘች ናት። የሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቀን ማግባትም ለቤተ ሰብ ገጻችን የተገባ ምሳሌ ነው።

ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔና በዜማ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ደግሞ በኳስ ስም አወጡ። የአባት ሙያ በልጅ ላይ በሌላ መልክ ሲያፈራ ማየት እንዴት ደስ ያሰኛል! ይድነቃቸው በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫውተዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው፤ በደቡብ አፍሪካ የነበረውን የዘር መድልዎ ሲቃወሙ ኖረዋል። የጂንካው ልጅ የማንችስተር ዩናይትድን ተጫዋቾች ስም አንድ ሳይቀር ይቈጥራል፤ የይድነቃቸውን ስም ግን ከአያቱ አፍ ገና በዚያ ምሽት ሰማ። ጥፋቱ የልጁ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ያልተነገረውን ከየት ያውቃል?

የማንችስተርን ስም ካነሣን፤ አሌክስ ፈርጉሰን ያን ቡድን የያዙት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 ሲሆን የአገሩን የሊግ ዋንጫ መጀመሪያ ያገኙት በ1993 ነው። በመካከሉ ባለው ዘመን ይባረሩ የሚል ብዙ ነበር። በእኛ አገር ግን ትዕግሥት አጭር ነው። ሰውነት ቢሻው ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በሱዳን 5 ለ 3 በተሸነፉ ጊዜ ነገሩ አበቃ ያለ ጥቂት አልነበረም። ከአንድ ወር በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አግብተው 2 ለ 0 ስላሸነፉ፤ በውጭ አገር የገቡት ግቦች በልጠው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አደረሱን። በ2006 ዓ.ም.ም ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ማጣሪያ ደረሱ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ተሰናበቱ፤ በእግራቸው የተተኩት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶም አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቈዩ።

ይህን ስንል አሠልጣኝ አይወቀስ ማለታችን አይደለም። በዚያው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በቅጣት ላይ የነበረ ተጫዋች ተሰልፎ 3 ነጥብ ተወስዶብናል። እንዲህ ያለውን ጥፋት መውቀስ የተገባ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የታወቀ፤ መጠኑም የተለካ፤ እርማቱም የሚቻል ነው። «የማትረባ» የሚለው ቃል ግን ጥፋትን አያሳይም፤ ሰውን ብቻ ያፈርሳል።

እዚያው በደቡብ ኦሞ ሙርሲዎች ዶንጋ በሚባለው የዱላ ግጥሚያቸው ጐበዝ ከጐበዝ ጋር ሲፋለም ዳኛ በመካከላቸው ይቆማል፤ ተጋጣሚን መግደልም ክልክል ነው። እንዲህ ባለው ብርቱ ጨዋታ እንኳ የበቀል ወሰን ከተበጀለት፤ እኛ በሜዳ ዳር የምንቆመው ተመልካቾች ለምላሳችን ወሰን ልናበጅለት አይገባንምን?

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ተሸንፎ በመጣ ቀን አስቀድማችሁ ውኃና ምግብ ስጡት፤ ስለ ስሕተቱ የምትነግሩት ነገር ካለ ለነገ አቈዩት፤ ስትነግሩትም እግሩን እንዴት እንዳኖረ እንጂ ምን ዐይነት ሰው እንደሆነ አትንገሩት። የአገሩንም ተጫዋቾች ታሪክ ከእናንተ ይስማ። ይህን የሰማ ልጅ የራሱን ሽንፈት በመጠኑ ለማየት ይችላል።

በዚያ ምሽት አባት ለሽማግሌው አባቱ ምንም አልመለሰም። በማግሥቱ ማለዳ ግን ልጁን ቀስቅሶ ኳሱን ይዞ ወደ ሜዳ ወረደ። እኛም በሩቅ ሆነን አየነው፤ ያ የተከበረ ሹም ጫማውን አውልቆ በሁለት ድንጋዮች መካከል እንደ ግብ ጠባቂ ቆሞ «በል ልጄ፤ ምታ!» ይል ነበር። የመጀመሪያይቱ ኳስ እንደ ገና ወደ ውጭ ሄደች። አባት ራሱ ሮጦ አመጣትና መልሶ ሰጠው።