ስለ ትምህርትና ስለ አንደበት

እህል በጐተራ ስለ ተከማቸ ብቻ የተራበን እንደማያጠግብ፥ ዕውቀትም በተማረው ሰው ልብ ተዘግቶ የቀረ እንደሆነ ለአገር አይጠቅምም። ተፈጭቶ የሚቀርበው በአንደበት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ። ስለዚህም በ2015 ዓ.ም. ይህን ነጥብ ካላገኙት መካከል የተመረጡት በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት እንዲማሩ ተደረገ፤ ከትምህርቱም አንዱ እንግሊዝኛ ሆነ። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ቋንቋን ለፈተና ማጥናትና በቋንቋ መግባባት ልዩ ልዩ ናቸው። የሰዋስውን ሕግ በቃሉ የያዘ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያፍር ከሆነ ትምህርቱ ገና አልተፈጸመም። «ዝም አይነቅዝም» የተባለው ለሐሜትና ለክርክር ነው እንጂ ለትምህርት ቤት አይደለም፤ ያልገባውን የማይጠይቅ ተማሪ ዝምታው ይነቅዛል።

ለዚህ ነገር የጐጃም ሰው ምሳሌ ከሩቅ አያሻውም። በዋሸራ የቅኔ ትምህርት ተማሪው ቅኔውን ይቈጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ኋላም በጉባኤ ፊት ይዘርፋል። እፍረቱም በልምምድ ይጠፋል።

«የኮሌጅ ክፍል ተማሪው ብዙ ነውና መምህሩ የሁሉን ንግግር ሊሰማ አይችልም» የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ በቅኔ ቤትም ተማሪ ሲበዛ መምህሩ ብቻውን አይደክምም፤ አስነጋሪው ያግዘዋል። በኮሌጅም ተማሪዎች በትንንሽ ጉባኤ ተከፍለው፥ ቀደም ያሉት አዲሶቹን እያረሙ፥ እያንዳንዱ በየሳምንቱ ቢናገር፥ የሰማውንም መልሶ ቢያስረዳ ይቻላል።

ልምምዱም በእንግሊዝኛ ብቻ ሊሆን አይገባም። በፍኖተ ሰላም የሚሠለጥን መምህር ነገ የሚጠብቁት ሕፃናት ናቸው። በቡሬ የተማረ የእርሻ ባለሙያም ስለ አፈር አሲዳማነትና ስለ ኖራ አጠቃቀም ለገበዝ ማርያም ገበሬ የሚያስረዳው በገበሬው ቋንቋ ነው። ገበሬው የኖራውን ልክና ጊዜ ሳይረዳ ከቀረ፥ የሚጐዳው የዓመት አዝመራው እንጂ የባለሙያው ምስክር ወረቀት አይደለም።

እንግዲህ የመግባቢያ ትምህርት ነጥብ መሙያ ሆኖ እንዳይቀር፥ ኮሌጆች ተማሪውን በጻፈው ብቻ ሳይሆን ተናግሮ ባስረዳውና አድምጦ በተረዳው ጭምር ሊመዝኑት ይገባል።