ሕፃን ዘር አያውቅም ስለሚባለው ነገር

ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በቡኢም ሆነ በሌላው የአገራችን ከተማ ስለ መዋዕለ ሕፃናት ትምህርት በተነሣ ቁጥር፥ ከወላጅም ከመምህርም አፍ ሳይሰማ የማይቀር አንድ አባባል አለ፤ እርሱም ሕፃን ዘር አያውቅም፥ ወገን አይለይም፥ ስለዚህ ሰው ሰውን ስለ መናቁ በፊቱ ማንሣት በንጹሕ ልቡናው ውስጥ ያልነበረውን ክፋት መዝራት ነው የሚለው ነው። አባባሉ ለጆሮ የጣፈጠ ነው፤ ከደግ ልብ እንደሚወጣም አልጠራጠርም። ነገር ግን ሐሰት ነው፤ ደግ ሰው ስለሚናገረውም ከክፉ ሰው ስድብ ይልቅ ዕድሜው የረዘመ ሐሰት ሆኗል።

በጉራጌ ምድር እንጨት ጠርበው ቤት የሚሠሩት፥ ሸክላ የሚያበጁት፥ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ሰዎች፥ ይልቁንም ፉጋ እየተባሉ ሲሰደቡ የኖሩት፥ ለብዙ ትውልድ መሬት እንዳያርሱና ከብት እንዳያረቡ ተከልክለው፥ እጃቸው የነካው እርሻ ይመክናል ተብሎባቸው፥ ከማዕድና ከጋብቻ ተለይተው መኖራቸው የታወቀ ነው። እኒሁ ሰዎች የባለቤቱ ኩራት የሆነውን የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙ፥ በሰባት ቤት ጉራጌም ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ የሚፈጸመውን ሥርዓት የሚመሩ መሆናቸው፥ ንቀቱ ከልማድ እንጂ ከማስተዋል እንዳልመጣ ይመሰክራል። ነገሩ የጉራጌ ብቻ አይደለም፤ በሸዋም በጎጃምም በጎንደርም ቀጥቃጩና ሸማኔው፥ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ ተሸሽተዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም ሠራተኛውን በእጁ ሥራ እየሰደበ የሚያዋርድ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ እስከ መናገር ደርሰዋል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ካዘዘ፥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ25ኛው አንቀጽ በዘር፥ በቀለምና በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት እንዳይደረግ ከደነገገ ወዲህ፥ ንቀቱን የሚደግፍ ሕግ አንድም አልቀረለትም። ታዲያ ስለ ምን አልጠፋም? አዋጆቹ ሁሉ የተነገሩት ለአዋቂ ሲሆን፥ ንቀቱን የሚማረው ግን ገና ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ስለሆነ ነው።

ይህን ትምህርት በቃል የሚያስተምር የለም። ሕፃኑ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ተሸክማ በመጣች ጊዜ ከደጅ ቆማ ስትሸጥ ያያል፤ ቡና ሲቀርብላት ሲኒው የብቻዋ እንደ ሆነ ያያል፤ ከልጅዋ ጋር ሊጫወት ሲሮጥ እጁን ይዘው ይመልሱታል፥ ለምን ብሎ ቢጠይቅም ዝም በል ይሉታል። የአራት ዓመት ልጅ የሰውየውን ስም ሳያውቅ ከእርሱ የሚቆምበትን ርቀት ዐውቆ ይጨርሳል። በመስቀል በዓል ክትፎው የሚቀርብበት ጣባ ከማን እጅ እንደ ወጣ ግን ማንም አይነግረውም። ወላጆቹ ወደ ምድረ ከብድ ወርደው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ከሁሉም ጋር ተሰልፈው፥ ከአንድ ጽዋ ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው ሲያበቁ፥ በቤታቸው የቡና ሲኒ የሚለዩ ከሆነ፥ ልጁ የሚከተለው በየማለዳው የሚያየውን ሲኒ እንጂ አልፎ አልፎ የሚሰማውን ስብከት አይደለም።

የቆዳ ቀለም ነገርም ከዚህ አይርቅም። ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት የነበሩት ኬኔት ክላርክና ባለቤቱ ማሚ ክላርክ፥ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ምርመራ፥ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆነ ጥቁር ሕፃናት ከቀለም በቀር የማይለያዩ አሻንጉሊቶች አቅርበው መልካሙ የቱ እንደ ሆነ ሲጠይቋቸው፥ የሚበዙት ነጩን መርጠዋል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1954 በትምህርት ቤት ነጭና ጥቁርን መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ሲፈርድ የክላርክን ጽሑፍ ጠቅሷል። የሦስት ዓመት ልጅ ያን ያህል ካወቀ፥ ጠቆር ያለችውን ሕፃን በጨዋታ መካከል ባሪያ ሲሏት ሰምቶ «ልጆች ናቸው» እያለ የሚያልፍ መምህር፥ ሰዳቢዎቹ የሚሉትን አያውቁም ብሎ ሊከራከር አይችልም። ተሰዳቢዋማ ከማንም በፊት ዐውቃለች።

ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ነው ብለው የያዙት አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ኅዳር 29 ቀን የሚከበረውን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ምክንያት አድርጎ ሕፃናቱን የየብሔረሰቡን ልብስ አልብሶ ማስጨፈር ነው። ጭፈራውን አልጠላም። ግን በዚያ ሰልፍ ውስጥ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የምትለብሰው ልብስ ምንድን ነው? ወገንዋ በብሔረሰብ መዝገብ የተለየ ስም የለውም፤ የሚያዋርዳትም ሌላ ብሔረሰብ ሳይሆን ቋንቋዋን የሚናገረው፥ ሃይማኖቷንም የሚጋራው ጎረቤቷ ነው። ልዩነትን በቀሚስ ጥለትና በእስክስታ ዐይነት ብቻ የሚያሳይ ትምህርት፥ በአንድ መንደር ውስጥ ያለውን ግንብ ሸፍኖ ያልፈዋል፤ ሕፃኑም መቻቻል ማለት ከሩቅ ላለው ማጨብጨብ መስሎት ያድጋል።

በ2002 ዓ.ም የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ከመዋዕለ ሕፃናትና ከኦ ክፍል ጋር፥ ታላላቆቹ ልጆች ታናናሾቹን የሚያስጠኑበትን የልጅ ለልጅ ዘዴ አግብቷል። ዘዴው መልካም ነው፤ ነገር ግን ታላቁ ልጅ ለታናሹ የሚያወርሰው ፊደሉንና ቍጥሩን ብቻ አይደለም፤ ማንን ከአጠገቡ እንደሚያስቀምጥ፥ ከማን ጋር ቆሎ እንደማይካፈልም ያወርሰዋል። ይህን ተመልክቶ የሚያርም አዋቂ ከሌለ፥ ዘዴው ንቀትን ከወላጅ ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚያሻግር ይሆናል።

መምህሩ ያድርግ የምለው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የመቀመጫውን ሥርዓት በልጆቹ ምርጫ አይተወው፤ ብቻዋን የምትቀር ልጅ እንዳትኖር በየቀኑ እርሱ ያቀላቅላቸው። ምሳቸውን በአንድ ገበታ ያብላቸው፥ እርሱም አብሮ ይብላ፤ ከማን ጋር እንደሚጎርስ ሕፃናቱ በእርግጥ ያዩታልና። ስድብ በሰማ ጊዜ ጆሮውን አይድፈን፤ በዚያው ሰዓት፥ በሁሉ ፊት፥ ይህ ቃል ሐሰት ነው፥ ሰውንም ያቆስላል ብሎ ሕፃን በሚገባው አማርኛ ይንገር። ሸክላ ሠሪዋን ወደ ክፍሉ ጠርቶ በወንበር ያስቀምጥ፥ እትዬ ብለው በአክብሮት እንዲጠሯት ያስለምድ፥ ጭቃውን እንዴት እንደምታቦካና እንደምትተኩስም እርሷው ታስተምር፤ ጥበቧ የትምህርት ክፍል ሆኖ ይቆጠርላት። የመምህራን ማሠልጠኛውም አስቀድሞ መምህሩ ራሱ ከማን ቤት ቡና እንደሚጠጣና እንደማይጠጣ በግልጽ ሊጠይቀው ይገባል፤ ራሱ የሚጠየፍ ሰው መጠየፍን ሊያርም አይችልምና።

ወላጆች ይቆጣሉ፥ ልጆቻቸውንም ያስወጣሉ የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ በእርግጥ ይቆጡ ይሆናል። ነገር ግን ይህን የሚፈራ ርእሰ መምህር የመዝገቡን ያለፉ ዓመታት ገጾች ገልጦ፥ ስድቡን ሽሽት ትምህርት የተዉ የእጅ ሠራተኛ ልጆች ስንት እንደ ሆኑ አስቀድሞ ይቍጠር፤ ስለ እነርሱ መውጣትም ማን ተቆጥቶ ወደ ቢሮው እንደ መጣ ያስታውስ።