ያጨበጨብንለትን እንምረጥ?

ኳስ በሚታይበት ካፌ ሁሉ አንድ ቀልድ አይጠፋም፤ ተወዳጁ ተጫዋች ጎል ባገባ ቁጥር አንዱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይሄ ልጅ ለምርጫ ቢወዳደር ድምፄ የሱ ነው!» ይላል። ላይቤሪያውያን ቀልዱን እውነት አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሎን ዶርን የወሰደው ኳስ ተጫዋቻቸው ጆርጅ ዊሃ በ2005 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ተረታ፤ በ2014 የሴኔት መቀመጫ አገኘ፤ በ2018 መጀመሪያ ላይ በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ፈጸመ። በዚያው ዓመት፣ በ51 ዓመቱ፣ 14 ቁጥር ማሊያውን አጥልቆ ናይጄሪያን በወዳጅነት ጨዋታ ገጠመ። ርዕሰ ብሔሩ 79 ደቂቃ ተጫውቶ ሲወጣ የሞንሮቪያ ስታዲየም ቆሞ አጨበጨበለት። እኔን ግን እንዲህ ያለው ጭብጨባ ያሰጋኛል። ሜዳ ላይ የተገኘ ፍቅር የሩዝ ዋጋ አያወርድም፤ ሙሰኛ ሹምንም አያርምም። በ2022 አሜሪካ ሦስት ባለሥልጣናቱን በሙስና ከስሳ ማዕቀብ ጥላባቸዋለች። ዊሃን የማደንቀው ሥልጣን በያዘበት ሳይሆን በለቀቀበት መንገድ ነው። በኅዳር 2023 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ ተፎካካሪው ጆሴፍ ቦአካይ ከ2 በመቶ ባነሰ ልዩነት ሲበልጡት፣ ቆጠራው ተጠናቆ እስኪታወጅ እንኳ አልጠበቀም፤ ስልክ ደውሎ «እንኳን ደስ አለዎት» አላቸው። በጠባብ ልዩነት መሸነፍ ሰበብ በሚሆንበት አህጉር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ማንንም አልመርጥም፤ ሽንፈቱን በጊዜ የሚቀበለውን ግን ኳስ ባይችልም እመርጠዋለሁ።