ዳቦዋን ለሚወዱላት ደንበኛ



ለልጅዎ ክርስትና የቀረበውን ድፎ ዳቦ የጋገረችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህታችን ናት አሉ። በኮባ ፋንታ የሙዝ ቅጠል፣ በምጣድ ፋንታ ኦቨን፤ ሆኖም እንግዳው ሁሉ አመሰገነ።

«ያለ ፈቃድ መሥራቷ ግን ያሳስበኛል» ይሉኝ ይሆናል። ሐሳቡ የመጣብዎ ዳቦው ካለቀ በኋላ መሆኑን ልለፈውና፣ ሕጉ እንደሚፈሩት አይደለም። ሜሪላንድ እንደ ዳቦና ኬክ ያለ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ ምግብ ከቤት ጋግሮ መሸጥን ትፈቅዳለች፤ የዓመት ሽያጩ ከ50,000 ዶላር እንዳይበልጥና የምግብ ደኅንነት ደንቡ እንደማይመለከተው ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ትጠይቃለች። መሥፈርቱን ካሟላች ለግሮሰሪም ማስረከብ ትችላለች። ዶሮ ወጥ ግን እዚህ ውስጥ የለም። «መቼም ከዳቦው ጋር ትንሽ ዶሮም ጣል ታደርጊልኛለሽ» ያሏት ማን ነበሩ?

«ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው የአክስቴ ልጅስ?» የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገሩ ነገሩ ይለወጣል። ቨርጂኒያ ያለ ምርመራ ከቤት የተጋገረውን ለሚበላው ሰው በቀጥታ ትሽጥ ትላለች፤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። የሜሪላንዱም ዳቦ ከሜሪላንድ ውጭ አይሸጥም። ያው ሊጥ ነው፤ ድልድዩ ግን ለሁለት ይከፍለዋል።

«ታዲያ ለምን ተበድራ ዳቦ ቤት አትከፍትም?» ባንክ የግብር ወረቀትና ክሬዲት ያያል። እቁቧን አንድም ቀን ሳታጓድል ብትጥል እንኳ ባንኩ ያንን አይቆጥርላትም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው፣ አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል ለአነስተኛ ነጋዴ የሚያበድር ክፍል አለው። አበዳሪ ደግሞ ማንም ቢሆን ገቢዋን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል። እርስዎ የሚከፍሏት በካሽ ነው፤ ያውም ድግሱ ካለፈ በኋላ።

«ግብር ልታስከፍሏት ነዋ!» አዎን፣ ትከፍላለች። የማይታይ ገቢ ይዛ ግን ከቤዝመንት ኩሽናዋ አትወጣም።

«የአገር ልጅ ናት፣ እንተሳሰባለን» እንደሚሉም አውቃለሁ። መተሳሰቡ ጥሩ ነበር፤ ሁልጊዜ ወደ እርስዎ ባያዘነብል። ከሱፐርማርኬት የልደት ኬክ ሲገዙ «ቀንሱልኝ» ብለው ያውቃሉ? ሊጡ ኩፍ እስኪል ሌሊት የነቃችውን ሴት ነው የሚከራከሩት።

ለመጪው በዓል ሲያዝዙ ግማሹን አስቀድመው በስልክ መላኪያው በዜል ይላኩላት፤ «የዳቦ» ብለው ይጻፉበት። ዶሮውን ቤትዎ ይሥሩት። ሽንኩርቱ ከከበደዎ ይደውሉልኝ፣ ቢላዬን ይዤ እመጣለሁ።

አክባሪዎ